ትንሽ የተነዳች፣ ብዙ የኖረች፦ ለአሮጌ ስፖርት መኪና የትኛው የቅድመ ጥገና መንገድ ይሻላል?

የማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪናዬ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ገና 46,000 ላይ ነው፤ የተሠራችው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ግቢያችን ሸራ ለብሳ ቆማ የሚያያት እንግዳ ሁሉ ሸራውን ገለጥ አድርጎ፣ በመስኮቱ አጎንብሶ ያንን ቁጥር ያነብና «ይህች እኮ ገና አልተነካችም» ይለኛል። ሞተሯ ብዙ አለመሥራቱ እውነት ነው። ማርሿ አልላላም፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ እንኳ አልተበላም። ነገር ግን በውስጧ ያለው እያንዳንዱ የጎማ ቱቦ፣ እያንዳንዱ የዘይት ማገጃ ቀለበት 35 ዓመት ገደማ ኖሯል። ላስቲክ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ዓመት ነው። ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ዘይቱ ያሳብጠዋል፣ አየሩ ይሰነጥቀዋል፤ መኪናዋ ተነዳችም ቆመችም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ላሉ ሰዎች ነው፤ ከውጭ የመጣ ወንድም ትቶላቸው የሄደ ሁለት መቀመጫ መኪና ላላቸው፣ ከአባታቸው ጣሊያን ሠራሽ ለወረሱ፣ ወይም ሲያምራቸው ኖረው በቅርቡ ለገዙ። ጉዳዩ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና ዋናው ሞተሯ ቢጠፋ ምትኳን አስመጣለሁ ማለት ቀርቷል። ያለችውን ማቆየት ብቻ ነው የተረፈው፤ ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ሦስቱ መንገዶች

በከተማችን ባለመኪኖች ዘንድ የማያቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ሲሰበር መጠገን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር፣ እና በአደጋው ክብደት ቅደም ተከተል እየያዙ መቀየር።

የመጀመሪያው መንገድ ለአንዲት ኮሮላ ስሕተት አይደለም። የኮሮላ ዕቃ በየሱቁ ስላለ ጠዋት የተሰበረው ከሰዓት በኋላ ይገጠማል። ለአሮጌ ስፖርት መኪና ግን አንድ ትንሽ ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ወር መቆም አለ፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ዕቃው የሚሰበርበትን ቦታና ሰዓት መምረጥ አለመቻልዎ ነው። አብሮ አደጌ እንዲህ ያለች ሁለት መቀመጫ መኪና አለችው፤ በዓመት 1,000 ኪሎ ሜትር እንኳ አይነዳትም። አንድ ቅዳሜ ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስንወጣ መብራት ያዘን። ሊነሳ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ በእግሩ ጫፍ ቢያነሳውም አልመለስ አለ። ከኋላችን አውቶቡስ፣ ከፊታችን ዳገት። መንገድ ዳር የነበሩ ወጣቶች አግዘውን ገፍተን ዳር አስያዝናት።

በኋላ ሲፈታ ጥፋተኛዋ የጣት ቀለበት የምታህል ላስቲክ ሆና ተገኘች። በፍሪሲዮኑ የታችኛው ሲሊንደር ውስጥ የምትቀመጥ ማገጃ ናት። ጠርዟ ተፈርፍሮ ዘይቱን እንደ ቡና አተላ አጥቁራዋለች። ያንን ጥቁረት እኔም እሱም ከወራት በፊት የዘይት መያዣውን ክዳን ከፍተን አይተነው ነበር። «ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው» ብለን ዘጋነው። ያ ጥቁር ዘይት ላስቲኩ መሟሟት መጀመሩን ይነግረን ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳን ከፍቼ የዘይት ቀለም ሳላይ መንገድ አልጀምርም።

ሁለተኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ባለቤቱ ይደነግጥና ቱቦውን፣ ቀበቶውን፣ ዳይናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ካንዴላውን፣ የፍሬን ሲሊንደሩን በአንድ ወር ያስቀይራል። ታሪኳ የማይታወቅ መኪና ለገዛ ሰው ይህ የሚደገፍበት ምክንያት አለው፤ ቢያንስ የሁሉም ዕቃ ዕድሜ ከአንድ ቀን ይጀምርለታል። ነገር ግን ሁለት ጉዳት አለበት። አንደኛው፣ በአንድ ጊዜ አሥር ነገር ተነካክቶ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ብትጀምር ጥፋቱ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ ይከብዳል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከፋብሪካ ጋር የመጣ ጤነኛ ብረት ወጥቶ በቦታው ጥራቱ የማይታወቅ አዲስ ዕቃ ይገባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ዋናው ዳይናሞ ኩሽኔታውና ካርቦኑ ብቻ ተቀይሮለት ሌላ ብዙ ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ በርካሽ የተገዛው አዲስ ግን ክረምቱን ላይዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ላስቲክን በዕድሜው፣ ብረትን በሁኔታው መቀየር ይሻላል።

እኔ የምደግፈው ሦስተኛውን ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ ይህ ቢበላሽ ምን ይዞ ይሄዳል? ሕይወት ይዞ የሚሄድ አለ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ የቤንዚን ቱቦ። ሞተር ይዞ የሚሄድ አለ፤ ታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ)፣ የራዲያተር ውሃ፣ ዘይት። መንገድ ላይ የሚያስቀር ብቻ አለ፤ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ የቤንዚን ፓምፕ። ከዚያ ደግሞ ቢያናድድ እንጂ የማይጎዳ አለ። ገንዘብ በዚህ ተራ ይውጣ። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ቀለም አስቀብቶ፣ ወንበር አስለብሶ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በኖረ የቤንዚን ቱቦ ይነዳል።

ሞተሩ ማን ነው?

ታይሚንግ ቤልትን በተመለከተ ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ ሞተሩን ማወቅ ግድ ነው። ቀበቶው ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ፒስተኑ ግን መውጣትና መውረዱን ይቀጥላል። በአንዳንድ ሞተር ሁለቱ የማይገናኙበት ክፍተት አለ፤ በሌላው ግን ይጋጫሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ የእኔም ዓይነት፣ ከማይጋጩት ናት። ባለ 1.6 ሊትሩም በኋላ የመጣው ባለ 1.8ቱም ቀበቶው ቢበጠስ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ቫልቭ አይታጠፍም። ፋብሪካው ቀበቶው በ60,000 ማይል፣ ማለትም በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር ይላል። በእኔ አነዳድ እዚያ ለመድረስ ሌላ ዕድሜ ያስፈልገኛል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትቼ በሰባት ዓመት ቆርጫለሁ።

ከእ.ኤ.አ. 1982 እስከ 1991 የተሠራችው ፖርሽ 944 ሌላ ነገር ናት። በእሷ ሞተር ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ከዚህም በላይ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ከሚያዞረው ቀበቶ ሌላ ንዝረት የሚያበርዱትን የሚዛን ዘንጎች የሚያዞር ሁለተኛ ቀበቶ አላት፤ ይህ ሁለተኛው ተበጥሶ ዋናውን ቀበቶ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የውሃ ፓምፑም የሚዞረው በዋናው ቀበቶ ስለሆነ የፓምፑ ኩሽኔታ ቢነክስ ጣጣው ወደ ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ወዳሉበት የሞተሩ ራስ፣ ይደርሳል። እንዲህ ያለች መኪና ያለው ሰው ቀበቶዎቹንና መወጠሪያ ኩሽኔታዎቹን በአራት ዓመት ባይቀይር፣ ጥቂት ገንዘብ ለማዳን ብሎ ሙሉ ሞተር ያሲዛል። ያለ ታሪክ ከተገዛች ደግሞ ቀበቶው ሳይቀየር ሞተሩን ባያስነሱ ይመረጣል።

የድሮዋ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1993 የተሠራችው አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ታይሚንግ ቤልት የለውም፤ የሚሠራው በሰንሰለት ነው። ስለዚህ የቀበቶው ገንዘብ ለጎማ ቱቦዎቹና ለላሜራው ይዋል። ካርማን ጊያ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ሞተሩ የቮልስዋገን ነው፤ በጥርስ ይዞራል፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ የሚያውቀው መካኒክም በአዲስ አበባ አልጠፋም።

የእኔን ቀበቶ ለመቀየር ስወስን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ፣ ሥራውን በፊያት ወደ ጀመሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይህ ቀበቶ እኮ የዕድሜውን ግማሽ እንኳ አልሠራም» አልኳቸው። «ልጄ፣ በትንሹ ጥርስ ላይ ታጥፎ ስንት ዓመት ቆመ?» ብለው መለሱልኝ። ሲወጣ በሁለት እጃቸው ይዘው ጀርባውን ወደ ውጭ አጠፉት፤ በጥርሶቹ ሥር ክር የሚያህሉ ስንጥቆች በተርታ ተከፈቱ። ያለ ማጠፍ ቢታይ ግን አዲስ ይመስል ነበር።

ኤምኤክስ-5 ላላቸው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እስከ እ.ኤ.አ. 1991 አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ባለ 1.6 ሞተሮች ላይ የክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ አፍንጫ አጭር ነው፤ ፑሌውን የሚይዘው ብሎን በትክክለኛው ኃይል ካልጠበቀ ፑሌውን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት የሚገባበት ቦታ እየተበላ ክራንኩን ያበላሻል። ስለዚህ ቀበቶውን የሚቀይረው መካኒክ ኃይል የሚለካ ቁልፍ አለው ወይ ብለው ቀድመው ይጠይቁ፤ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ። የውሃ ፓምፑም ታይሚንግ ቤልቱ ሳይወጣ ስለማይደረስበት፣ ሁለቱን አብሮ መቀየር የጉልበት ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍላል።

ውሃ ወይስ ኩላንት? በ2,350 ሜትር ላይ

ከዚህ ሁሉ ምርጫ በከተማችን በቀላሉ የሚታለፈውና ብዙ ሞተር የሚያስከፍለው ይህ ይመስለኛል። «አዲስ አበባ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» ብሎ የቧንቧ ውሃ የሚሞላ ብዙ ነው። ኩላንት፣ ለራዲያተር የሚሞላው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ግን ከመርጋት ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ዝገት የሚከላከል ቅመም አለው፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። የአሉሚኒየም ቴስታታ ያለው ሞተር በቧንቧ ውሃ ዓመታት ሲቆም ከውስጥ እየተቦረቦረ ይሄዳል፤ ትንሽ የምትነዳ መኪና ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትቆም ናት።

ከፍታው ነገሩን ያከብደዋል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የእኔ መኪና ቴርሞስታት፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ የሚከፍተው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ በጤናማው የሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቆመው የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ነው ማለት ነው። ክዳኑ ውሃውን 0.9 ባር ያህል ጨምቆ ሲይዘው የመፍያ ነጥቡ ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ጭምቁን ካሳለፈ ግን፣ ፒያሳ ላይ በመጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ምንም ሌላ ጥፋት ሳይኖርበት ሊፈላ ይችላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ሰው የማያስተውለው ያረጀ ክዳን እዚህ የቴስታታ ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ክዳኑን ይቀይሩ፤ ከሚቀየሩት ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። በላዩ የተጻፈው የጭምቅ ቁጥር ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን። «የሚበልጠው ይሻላል» ብሎ ከፍ ያለ ጭምቅ ያለው መግጠም ያረጀውን ራዲያተርና ቱቦ ያፈነዳል። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉ፣ አረንጓዴውን በሁለት ዓመት ይቀይሩ፣ ቀይና አረንጓዴ አይደባልቁ።

ራዲያተሩንም ይዩት። የላይኛው ፕላስቲክ ጋን ጥቁር ሆኖ ነው የሚወለደው። ሙቀት ሲያበስለው መጀመሪያ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላል። የእኔዋ በተሠራች በ32 ዓመቷ የደረቀ ቅጠል ቀለም ይዛ ነበር፤ በጥፍሬ ጠርዙን ብጫነው ተሰበረ። ያንን ቀለም ካዩ መጠገኑን አያስቡ፤ ያረጀ ፕላስቲክ ተበይዶ አይዘልቅም። እዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ አዲስ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ራዲያተር ማስመጣት፣ ወይም ከተማችን ካሉት ራዲያተር ሠሪዎች ዘንድ በልኩ ሙሉ ብረት ማሠራት። የመጀመሪያው ቀላልና ልኩ የታወቀ ነው፤ ሁለተኛው ይከብዳል፣ ዋጋውም እንደ ሠሪው ነው፣ ነገር ግን ወደፊት እዚሁ መጠገን ይቻላል። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ሰው ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ሰልችቶኛል።

ዕቃው ከየት?

ከውጭ በሰው የሚመጣ ዋና ዕቃ፣ ሶማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት የሚገኝ ምትክ፣ ወይም ከፈረሰ መኪና የወጣ። ሦስቱም ቦታ አላቸው።

ታይሚንግ ቤልት፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሲሊንደር ማገጃዎች ከታወቀ ምንጭ ይምጡ፤ ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ በዘመድ ሻንጣ ይገባሉ። ኩሽኔታ፣ የዳይናሞ ቀበቶ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ እዚሁ ይገዛሉ። ኩሽኔታ ጠርዙ ላይ የተቀረጸ ዓለም አቀፍ ቁጥር አለው፤ 6203 የትም ቢገዙ 6203 ነው፣ የሚለየው ጥራቱ ነው። የዳይናሞ ቀበቶም በጀርባው ርዝመቱ ተጽፏል። ወደ ሱቅ ሲሄዱ የመኪናዋን ስም ብቻ አይጥሩ፤ ባለሱቁ ሰምቶት አያውቅ ይሆናል። የሞተሩን ስም ይጥሩ፣ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። የእኔዋ ሞተር ከማዝዳ 323 ሞተሮች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ይህን ማወቄ ሁለት ጊዜ ከባዶ እጅ አድኖኛል።

አሮጌ ላስቲክ ግን ከፈረሰ መኪና በፍጹም አይግዙ። ብረት ይግዙ፣ መስታወት ይግዙ፣ የበር እጀታ ይግዙ። በማሸጊያው ያለ «አዲስ» ላስቲክም ቢሆን በመደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ ይጠይቁ፤ አሥራ አምስት ዓመት በሳጥን የተቀመጠ ቱቦ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

የቤንዚን ቱቦ ሲገዙ በተለይ ይጠንቀቁ። ለካርቡራተር መኪና የተሠራው ቱቦ ከባር በታች ለሆነ ግፊት ነው፤ በኢንጄክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑን በግፊት እየረጨ፣ የሚሠራ ሞተር ግን ከ2.5 ባር በላይ ይገፋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መንታ ናቸው። በቱቦው ላይ ለኢንጄክሽን መሆኑ ካልተጻፈ፣ ሻጩ ቢምልም አይግዙ። ከሞቀ ጭስ ማውጫ በላይ የሚፈነዳ ቱቦ መኪናዋን ብቻ ይዞ አይሄድም።

ማቆም፣ ማስነሳት ወይስ መንዳት?

ብዙ ግቢ ውስጥ የማየው ልማድ አለ፦ ዘበኛው በየጠዋቱ መኪናዋን ያስነሳል፣ አሥር ደቂቃ ታጉረመርማለች፣ ይጠፋል። የሚደረገው በፍቅር ነው፤ ከሦስቱ ምርጫዎች የከፋው ግን እሱ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ያ ውሃ በዘይቱ ውስጥና በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ውስጥ ይቀራል። የዘይት መሙያ ክዳኑን ሲከፍቱ እንደ ወተት አረፋ የነጣ ነገር ካዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማርሚታው ከውስጥ ይዝጋል፣ ባትሪው በመነሻው ያወጣውን በአሥር ደቂቃ አይመልስም፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ጎማው ደግሞ አንድ ዙር እንኳ አልዞሩም።

ከፒያሳ ለገሃር ደርሶ መመለስም ብዙ አይረዳም፤ ቁልቁል ሄዶ ሞተሩ ሳይሞቅ መቆም ነው። ዘይቱ ውሃውን አትንኖ እንዲያወጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚደርስ ጉዞ ያስፈልገዋል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጌ ሽሮ ሜዳን አልፌ እንጦጦ እወጣለሁ። መጀመሪያውን በዝግታ፣ ሙቀቱ መሐል ላይ ሲደርስ ደግሞ ማርሹን ረዘም አድርጌ። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሯ ከባሕር ጠለል ኃይሉ ሩብ ያህሉን እንደሚያጣ አውቃለሁ፤ ዳገቱ ላይ ይሰማኛል፣ አልጨክንባትም። ስወርድ በማርሽ እይዛታለሁ፤ ከላይ እስከ ታች በፍሬን ብቻ መውረድ የፍሬኑን ዘይት ሊያፈላው ይችላል።

የፍሬን ዘይት ጉዳይ በአጭሩ ያልቃል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ መኪናዋ ብትቆምም ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ይህ ልኩ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140። ሁለቱም ይሠራሉ፤ የምመርጠው ዶት 4ን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከሁለቱ ጋር አይቀላቀልም፤ ይተዉት።

ጎማም እንዲሁ ነው። በጎኑ ላይ በመጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2315 ማለት በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈውን አይንዱበት፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ጎኑን ለስንጥቅ ይፈትሹ። ተጠባባቂውንም አይርሱ፤ የእኔ ተጠባባቂ ከመኪናዋ ጋር የተወለደ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

በእርግጥ መንዳት የማይችሉበት ወራት ካለ፣ ሳያስነሱ በደንብ ማቆም ይሻላል። ታንኩን ይሙሉ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ፣ ጎማውን ጠንከር አድርገው ይንፉ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ መተው የፍሬኑን ሸራ ስለሚያጣብቅ ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉ። ከመኪናዋ ላይ ላስቲክ አያልብሱ፤ አየር የሚያሳልፍ ሸራ ይሁን። ሲመለሱ ከማስነሳትዎ በፊት የአየር ፊልትሮውን ቤት ይክፈቱ፤ አይጥ ቤት ሠርታበት አግኝቻለሁ።

ክረምት ሳይገባ

ሸራ ጣሪያ ያላት መኪና ያለው ሰው ከሰኔ በፊት አንድ ቀን ይመድብ። በኤምኤክስ-5 ላይ ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። ግቢያችን ጃካራንዳ አለ። አበባው ሲረግፍ ያምራል፤ ነገር ግን ተሰብስቦ ያንን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከዚያ ውሃው መውጫ ሲያጣ ከበሩ በታች ባለው ላሜራ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዝገቱ ከውጭ የሚታየው ላሜራው አልቆ ሲበሳ ነው። አንድ ስኒ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱበትና ከኋላ ጎማ ፊት ከመኪናዋ ሥር መውጣቱን ጎንበስ ብለው ይዩ። ካልወጣ ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ በቀስታ ይስደዱ፤ ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል። ባለፈው ግንቦት የእኔ ግራው ቆሞብኝ፣ ከውስጡ ጥቁር ጭቃ ሆኖ የወጣው አበባ መዳፌን ሞላው።

ባትሪዋም በዚያው በኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው ያለው። ፋብሪካው የገጠመው የታሸገና ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ዓይነት ነው። ተራ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የአሲድ ትነቱ ላሜራውን ይበላዋል። ትርፍ የሚያስከፍለው ቢሆንም የታሸገውን ይግዙ፤ ሳይሠራ ከ12.4 ቮልት በታች ከወረደ ቻርጅ ያድርጉት።

ዘይት ከሞተሩ ኋላ፣ ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሲንጠባጠብ ካዩ ደግሞ ካምቢዮ ለማውረድ አይቸኩሉ። በዚህ ሞተር ላይ ከቴስታታው ጀርባ የተሰካ አነፍናፊ አለ፤ የእሱ ቀለበት ሲደርቅ ዘይቱ በጀርባው ወርዶ ልክ ከክራንኩ ማገጃ የመጣ ይመስላል። ቀለበቱ ሳንቲም የሚያህል ነው። ካምቢዮ ማውረድ ሁለት ቀን ነው። ቦታውን አጥበው፣ ነድተው፣ ከላይ በባትሪ መብራት ይዩ።

የትኛውን ይምረጡ?

መኪናዋን በቅርቡ ገዝተው ወረቀት ከሌላት፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ለፍሬን ዘይትና ቱቦ፣ ለቤንዚን ቱቦ፣ ለጎማ፣ ለራዲያተር ክዳንና ለቀበቶው ይዋል፤ ሞተሩ የሚጋጭ ዓይነት ከሆነ ቀበቶው ይቅደም። ከቤተሰብ የወረሷትና ታሪኳን የሚያውቁ ከሆነ በየዓመቱ አንድ ክፍል ይያዙ፤ ዘንድሮ ማቀዝቀዣው፣ ለከርሞ ፍሬኑ፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ። እንዲህ ሲሆን አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱ የት እንዳለ ያውቃሉ። ለመሸጥ ካሰቡ ደግሞ ቀለሙን ይተዉና ደረሰኞቹን ያደራጁ፤ እንዲህ ያለች መኪና የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ ነው።

እኔ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር በጓንት ሳጥኗ ውስጥ አኖራለሁ። የመጀመሪያው ዓምድ ቀን ነው፣ ሁለተኛው ዕቃው፣ ሦስተኛው ዕቃው የተመረተበት ዓመት፤ ኪሎ ሜትሩን የምጽፈው በመጨረሻ ነው። በታይሚንግ ቤልቱ ሽፋን ላይም በነጭ ቀለም የተቀየረበትን ወርና ዓመት ጽፌበታለሁ፤ ኮፈኑን የሚከፍት መካኒክ ከቆጣሪው በፊት እንዲያነበው።